ካርዲናሉ ወስኖ ቢሆን ኖሮ

የፖርቹጋሉ ንጉሥ ሰባስቲያን እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 1578 ሞሮኮ ውስጥ አልካሰር ኪቢር በተባለ ሥፍራ ሲሞት ገና የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልነበረውም። ጦሩ አብሮት አለቀ፤ ከሞት የተረፉት መኳንንት ተማረኩ። ዙፋኑ ለአያቱ ወንድም ለ66 ዓመቱ ካርዲናል ሄንሪክ ደረሰ። ካርዲናሉ አግብቶ ወራሽ ይወልድ ዘንድ ከስዕለቱ እንዲፈታ ሮምን ቢማጸንም አልተፈቀደለትም። ጃንዋሪ 31 ቀን 1580 ወራሹን በስም ሳይለይ፣ አገሩን ለአምስት እንደራሴዎች ትቶ ሞተ።

የታሪክ ወዳጆች ታዲያ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ። ካርዲናሉ ወስኖ ቢሆን ኖሮስ?

ነገሩ በመሠረቱ የውርስ ክርክር ነው። ዋነኞቹ ሦስት ተከራካሪዎች ሁሉም የቀዳማዊ ማኑኤል የልጅ ልጆች ናቸው። የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ ከማኑኤል ሴት ልጅ ከኢዛቤል ይወለዳል። የብራጋንዛው መስፍን ባለቤት ካታሪና የወንድ ልጁ የዱዋርቴ ልጅ ነች። አንቶኒዮም የሌላው ወንድ ልጅ የሉዊስ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ነው ተብሎ ተገፋ።

እንግዲህ ጭብጡ፣ ቀድሞ የሞተ አባት በልጁ ይተካል ወይስ አይተካም የሚለው ነው። ምትክ ወራሽነት የእኛም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያውቀው መርህ ነው። መርሁ የሚሠራ ከሆነ ካታሪና በአባቷ እግር ትገባለች፤ በዘመኑ ወንድ ልጅ ሴት ልጅን ይቀድም ስለነበር ፊሊፕ ይረታል። የማይሠራ ከሆነ ግን ሁለቱም ለሄንሪክ የእህትና የወንድም ልጆች ሆነው እኩል ይቆማሉ፤ ወንድም ታላቅም የሆነው ፊሊፕ ይቀድማል። የኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ሊቃውንት ለካታሪና ጻፉ። እኔም ዳኛ ብሆን ለእሷ እፈርድ ነበር፤ ምንም እንኳ የታላቅ እህቷ ልጅ የፓርማው ራኑቾ ያንኑ መርህ ይዞ ሊመጣባት ቢችልም። (የራኑቾ አባት የፊሊፕ የጦር አዛዥ ስለነበር ብዙም አልገፉበትም።)

እሺ፣ ሄንሪክ በ1579 «ወራሼ ካታሪና ናት» ብሎ አውጆ ነበር እንበል። ፊሊፕ እጁን ይሰበስብ ነበር? አይመስለኝም። የፖርቹጋል ጦር ሞሮኮ ላይ ቀርቷል። መኳንንቱ ለምርኮኛ ዘመዶቻቸው ቤዛ ሲከፍሉ ተራቁተዋል፤ ብሩ ያለው ደግሞ ፊሊፕ ዘንድ ነው። ከሁሉ የሚብሰው፣ በጦርነቱ የተማረከው የካታሪና የአሥር ዓመት ልጅ ቴዎዶዚዮ በፊሊፕ አማላጅነት ተለቆ ለወራት የቆየው እዚያው ስፔን ነበር። ልጇ በባላንጣዋ እጅ ያለ እናት ምን ያህል ትከራከራለች?

በእውነተኛው ታሪክ የተነሳው አንቶኒዮ ነበር። ጁን 1580 ሳንታሬም ላይ ንጉሥ ተባለ፤ ኦገስት 25 ሊዝበን አጠገብ አልካንታራ ላይ በአልባው መስፍን ተሸነፈ። ፊሊፕ ግን ራሱን እንደ ወራሽ ስለቆጠረ በ1581 ቶማር ላይ ከአገሩ ምክር ቤት ጋር ተስማማ። የፖርቹጋል ሕግ፣ ሹመትና ገንዘብ ለፖርቹጋላውያን እንዲቆይ ቃል ገባ። ዘውድ በደፋች ንግሥት ላይ ዘምቶ ቢሆን ኖሮ ግን የሚገባው እንደ ወራሽ ሳይሆን እንደ ድል አድራጊ ነው። ድል አድራጊ እንዲህ ያለ ውል የመፈረም ግዴታ የለበትም። የሄንሪክ ማመንታት ሳያስበው አገሩን በከፊል ጠቅሟል የምለው ለዚህ ነው።

«ሆላንዶች የፖርቹጋልን ይዞታዎች የነጠቁት በስፔን ጠላትነት የተነሳ ነው» የሚለው ክርክርም ግማሽ እውነት ነው። ሬሲፌን በ1630፣ ኤልሚናን በ1637 ወስደዋል። ሆኖም ፖርቹጋል በዲሴምበር 1640 ከስፔን ከተለየች በኋላም ሉዋንዳን በ1641፣ ኮሎምቦን በ1656 ያዙ።

በ1640 የነገሠው ዮሐንስ አራተኛ የካታሪና የልጅ ልጅ፣ የዚያው የቴዎዶዚዮ ልጅ ነው። የእሱ ወገኖች የባዕድ ሰው ዙፋኑን እንዳይወርስ የሚከለክል፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ላሜጎ ላይ የወጣ ነው የተባለ ሕግ ጠቀሱ። ሕጉ ታትሞ ብቅ ያለው በ1632 ነበር፤ በኋላም የፈጠራ ሰነድ መሆኑ ተረጋገጠ።