የሸክላ ማጫወቻን ፍጥነት በቤት ውስጥ ስለ ማስተካከል

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል የተባለው ለሹመት ብቻ አይደለም። በቤታችን ያለ አንድ መሣሪያ ሥራውን ሲያጎድል፥ ምክንያቱን ጠይቆ ከመረዳት ይልቅ ወደ ዕቃ ቤት መወርወር ስለሚቀልል፥ ስንት ደኅና ዕቃ ያለ ጥፋቱ ተጥሎ ይቀራል። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ነገር፥ እንዲህ ካለው ፍርድ ለጥቂት ስለ ዳነ አንድ የሸክላ ማጫወቻ፥ ይልቁንም ከማጫወቻው ጋራ ያለ ጥፋታቸው ተፈርዶባቸው ስለ ነበሩ አንዲት እመቤት ነው።

አቶ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በስማቸው የሚጠራውን የሸክላ ድርጅት ካቋቋሙ በኋላ፥ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሽ ሸክላዎች በአዲስ አበባ በብዙ ቤት ይገኙ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሁሉ ያውቀዋል። እኒህ እመቤትም በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋራ የገዟቸውን ሸክላዎች በሣጥን አኑረው ነበር። የቀድሞው ማጫወቻቸው ከተሰበረ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው፥ በዋሽንግተን የሚኖሩት ልጃቸው እናታቸውን ደስ ለማሰኘት በ1960ዎቹ በአሜሪካ የተሠራ ማጫወቻ ፈልገው ላኩላቸው። ማጫወቻው የሚፈልገው 115 ቮልት፥ የአገራችን መስመር ደግሞ 220 ቮልት ስለ ሆነ፥ አንድ ሠራተኛ ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር አምጥቶ አገናኘና «ከእንግዲህ ምንም አይጎድለውም» ብሎ ሄደ።

ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ የመጀመሪያው ሸክላ ሲዞር እመቤቲቱ ጥቂት አዳመጡና «ይህ የእርሱ ድምፅ አይደለም፤ ወይ ታሟል፥ ወይ አርጅቷል» አሉ። ልጆቹም ፈገግ ብለው «እማማ፥ ጆሮዎ ደክሞ ነው እንጂ ሸክላው አላረጀም» ብለው መለሱላቸው። እርሳቸውም ዝም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸክላ አጫውቱልኝ ብለው አልጠየቁም።

ወራት ካለፉ በኋላ፥ የኤሌክትሪክ ሙያ የተማረው የልጅ ልጃቸው ያንኑ ዘፈን በስልኩ አገኘውና ጊዜውን በሰዓት ለካ። በስልኩ 3 ደቂቃ የፈጀው ዘፈን በማጫወቻው ላይ 3 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ፈጀ። የደከመው የአያቱ ጆሮ ሳይሆን ማጫወቻው መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳ።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። ከመስመር የሚመጣው የኤሌክትሪክ ኃይል እንደ ወንዝ ወደ አንድ ፊት ብቻ የሚፈስ አይደለም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። በአገራችንና በአውሮፓ በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ፥ በአሜሪካ ግን 60 ጊዜ ይመላለሳል። ይህም ምልልስ ሄርዝ በሚባል መስፈሪያ ይቈጠራል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል ወይም ይጨምራል እንጂ የምልልሱን ቍጥር ፈጽሞ አይለውጥም። ሠራተኛው የሳተውም ይህንን ነው።

በብዙዎቹ የቺንጋ ማጫወቻዎች ውስጥ ያለው ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከቮልቱ ሳይሆን ከምልልሱ ነው። ለምሳሌ 24 ዋልታ ያለው ሞተር በ60 ሄርዝ በደቂቃ 300 ጊዜ ሲዞር፥ በ50 ሄርዝ 250 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ስለዚህ በደቂቃ 33⅓ መዞር የሚገባው ትልቁ ሸክላ ወደ 27.8 ይወርዳል፤ የ45ቱም ወደ 37.5 ይወርዳል። ድምፁም በፒያኖ ላይ ጥቍሮቹን ጨምሮ ሦስት ቍልፍ ወደ ታች እንደ መውረድ ያህል ይወፍራል። ወጣቱ ዘፋኝ እንደ ሽማግሌ፥ ሴቲቱም እንደ ወንድ መስለው የሚሰሙት ከዚህ የተነሣ ነው።

ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለው። አንደኛው ቺንጋው የሚጠመጠምበትን የሞተሩን ፑሌጃ አውልቆ፥ ስፋቱ ከፊተኛው በአንድ አምስተኛ የሚበልጥ ማስገባት ነው። ይህ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ለ60 ሄርዝ የተጠመጠመ ሞተር በ50 ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል፤ ልኩን የጠበቀ ፑሌጃ የሚቀርጽ ሠራተኛም ማግኘት ያሻል። ሁለተኛው ለሞተሩ የለመደውን 60 ሄርዝ በቤት ውስጥ ሠርቶ መስጠት ነው። ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በስኮትላንድ የሚገኘው የሊን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 ላወጣው ማጫወቻው፥ በ1982 ቫልሃላ የሚባል በኳርትዝ የሚመራ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርቶለታል።

የልጅ ልጁም ሁለተኛውን መረጠ። መሣሪያው አራት ክፍል አለው።

የመጀመሪያው ምልልሱን የሚወልደው ክፍል ነው። ለዚህ አርዱዊኖ የሚባለው አነስተኛ ሰሌዳ ይበቃል። ሰሌዳው ኳርትዝ ያለበት ዓይነት ሲሆን፥ ኳርትዙ በሴኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ስለሚንቀጠቀጥ፥ እርሱን እየቈጠረ 60 ሄርዝን እጅግ ጥቂት በሆነ ስሕተት ያወጣል። የማዕበሉም መልክ በ256 ነጥብ ተከፍሎ በሰንጠረዥ ይጻፍበታል። ሁለተኛው ማለስለሻው ሲሆን፥ ከሬዚስተርና ከካፓሲተር ተሠርቶ ከሰሌዳው የሚወጣውን የተቈራረጠ ምልክት እንደ ኮረብታ ለስላሳ ያደርገዋል። ሦስተኛው በ24 ቮልት የሚሠራ፥ 30 ዋት ያህል የሚሰጥ የድምፅ ማጉያ ነው። የቺንጋ ማጫወቻ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከ15 ዋት በታች ስለሚበሉ ይህ ከበቂ በላይ ነው። አራተኛው ከ115 ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ነው፤ እርሱን ግን አገላብጦ፥ ማጉያውን በ12 ቮልቱ፥ ሞተሩን በ115 ቮልቱ በኩል ያገናኟል። የሚቀንሰው ሲገለበጥ የሚጨምር ይሆናልና።

ወጣቱ በመጀመሪያ ቸኵሎ ማለስለሻውን ትቶት ነበር። ሞተሩ ዞረ፤ ነገር ግን እንደ ንብ እያጕረመረመ ሞቀ፤ መንቀጥቀጡም በመርፌው በኩል ወደ ድምፁ ገባ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ፈትቶ ማለስለሻውን ሲያገባበት ጕርምርምታው ጠፋ። ደግሞም ሳሕኑ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ ቮልቱን ከ115 ወደ 85 ገደማ ዝቅ ቢያደርገው፥ ፍጥነቱ ሳይለወጥ መንቀጥቀጡ ይበልጥ ቀነሰ። ለማስነሣት ብዙ ኃይል፥ ለማስኬድ ግን ጥቂት ይበቃልና።

ፍጥነቱ የተስተካከለ መሆኑን ለማወቅ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። በሳሕኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፎ ሰዓት ይዞ መቍጠር ይበቃል፤ የ33⅓ ሸክላ በ3 ደቂቃ ልክ 100 ጊዜ፥ የ45ቱ በ2 ደቂቃ 90 ጊዜ መዞር አለበት። መቶ በሚሆንበት 99 ቢሆን፥ ቺንጋው ላልቷል ወይም ውፍረቱ ተለውጧል ማለት ስለ ሆነ፥ ምልልሱን ከ60 ወደ 60.6 ከፍ ማድረግ ነው። ስለዚህ በመሣሪያው ላይ በጥቂት በጥቂቱ የሚጨምርና የሚቀንስ ቍልፍ ማኖር ይጠቅማል። 180 መሥመር የተሣለበትን ክብ ወረቀት በመብራት ሥር የሚያዩም አሉ፤ እርሱ ግን መብራቱ ከመስመሩ ምልልስ ጋራ የሚርገበገብ ካልሆነ አያገለግልም፤ መስመሩም ከ50 ሄርዝ ጥቂት ቢናወጥ ሰውን ያሳስታል።

ይህ መድኃኒት ለሁሉ ማጫወቻ የሚሆን አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በጀርመን አገር ድምፃቸውን ባስቀረጹበት ዘመን እንደ ነበሩት፥ በእጅ የሚጠመዘዙ ግራማፎኖች የራሳቸው የፍጥነት መቈጣጠሪያ አላቸው። ሳሕኑን ያለ ቺንጋ በቀጥታ የሚያዞሩትና በውስጣቸው ኤሌክትሮኒክ መቈጣጠሪያ ያላቸውም ከዚህ መሣሪያ ጋራ ቢገናኙ ሊበላሹ ይችላሉ። ስለዚህ አስቀድሞ በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ፥ ዘይቱንና ቺንጋውንም መመርመር ተገቢ ነው። የደረቀ ዘይት ያዘገየውን ሞተር ኳርትዝ አያድነውም።

ከሁሉ በላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው 115 ቮልት ምንም እንኳ ከግድግዳው ቢያንስ ሰውን ለመግደል ይበቃል። ሙያውን ያልተማረ ሰው ይህን ሥራ ለሚያውቅ ይስጥ እንጂ በራሱ አይሞክር። የሚያውቀውም ቢሆን ከመንካቱ በፊት ሶኬቱን ይንቀል፤ ፊውዝ ያግባበት፤ ሁሉንም ከምድር ጋራ በተገናኘ የብረት ሣጥን ውስጥ ይዝጋው፤ ሞተሩን ከማገናኘቱም በፊት የሚወጣውን ቮልት በመለኪያ ይመልከት። ሕፃናት ባሉበት ቤት የተከፈተ ሣጥን በጠረጴዛ ላይ ትቶ ለቡና መነሣት ታላቅ ጥፋት ነው።

ሥራው ባለቀበት እሑድ ቤተ ሰቡ እንደ ገና ተሰበሰበ። የልጅ ልጁ አስቀድሞ ምንም ሳይናገር ያንኑ ሸክላ አስቀመጠ። ዘፈኑ እንደ ጀመረ እመቤቲቱ ከተደገፉበት ቀና አሉ፤ ትከሻቸውም ሳይታወቃቸው ተንቀሳቀሰ። «ልጄ፥ አሁን መጣ፤ እርሱ ነው» አሉ። ጆሮዎ ደክሟል ብለው የነበሩት ታላቅ ልጃቸውም ተነሥተው ጕልበታቸውን ሳሙና ይቅርታ ጠየቁ። እርሳቸውም «እኔስ እውነት ደክሞ ይሆናል ብዬ ራሴን ተጠራጥሬ ነበር» ብለው መለሱ።

ይህ ቃል ከመሣሪያው ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሽማግሌ የሚያስታውሰውን ነገር በዕድሜው አሳብበን ስናስተባብል፥ ሰውዬው ራሱ ትዝታውን እንዲጠራጠር እናደርገዋለን። ስለዚህ በቤታችሁ የቆየ ማጫወቻ ያላችሁ ክቡራን አንባቢዎች፥ ድምፁ አላማረም የሚል ታላቅ ሰው ቢኖር፥ በጆሮው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ወረቀት ለጥፋችሁ 3 ደቂቃ ቍጠሩ።