በእንግሊዝኛ «ባት» እና «ሀውኤቨር»

ሁለቱም ቃላት ባማርኛ «ግን» ተብለው ስለሚተረጐሙ ብዙዎቻችን አንዱን በሌላው ቦታ እንጽፋለን፤ መምህራንም በቀይ ቀለም ያርሙናል። ልዩነቱ በትርጕም ሳይሆን በሙያ ነው። «ባት» መስተጻምር ነው፤ «ዝናም ዘነመ» እና «እኛ ሄድን» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ቆሞ ያያይዛቸዋል፤ ከዚያም ቦታ አይነቃነቅም። «ሀውኤቨር» ተውሳከ ግስ ነው፤ እንደኛ «እኛ ግን ሄድን» በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይዘዋወራል፤ ነገር ግን ሁለቱን አያጋጥምም። ስለዚህ በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ነጠላ ሰረዝ አይበቃውም፤ ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ ይሻል። ስንጠራጠር ቃሉን ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ እንውሰደው። «ሀውኤቨር» በዚያ ይስማማል፤ «ባት» ግን ዓረፍተ ነገሩን ያፈርሰዋል።