ጤነኛ ልብ እኩል አይመታም

ልብዎ በደቂቃ 60 ጊዜ መታ ማለት በየሰከንዱ አንድ ጊዜ መታ ማለት አይደለም። በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ አንዴ 940 ሚሊ ሰከንድ፣ አንዴ 1,050፣ ቀጥሎ ደግሞ 985 ሊሆን ይችላል። ይህን መለዋወጥ መለካት ከልብ ምርመራዎች ሁሉ ርካሹ ይመስለኛል፤ ሰውም የሚገባውን ያህል አላወቀለትም።

መለዋወጡ በሽታ አይደለም። ሐኪምን የሚያሳስበው እንደ ግድግዳ ሰዓት ዝንፍ የማይለው ልብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት ከድንገተኛ የልብ ሕመም የተረፉ 808 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። የ24 ሰዓት የምት ጊዜ ልዩነታቸው ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች የሆነባቸው ሰዎች፣ ከ100 በላይ ከሆነላቸው ይልቅ የመሞት አደጋቸው ከ5 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሲምፓቴቲክ ነርቮች ልብን ያፈጥናሉ፤ ቬገስ ነርቭ ያዘገያል። ሲምፓቴቲኩ ሥራውን ለማሳየት ሰከንዶች ሲፈልግ ቬገስ በአንድ ምት ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ ቬገስ ትንፋሽን መከተል ይችላል፤ አየር ሲስቡ ምቱ ይፈጥናል፣ ሲያስወጡ ይዘገያል፤ ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ ይህን በ1847 በመሣሪያ ቀርጾ አሳይቷል። በንቅለ ተከላ የተተካ ልብ ነርቮቹ ስለተቆረጡ በዕረፍት ጊዜም ፈጠን ብሎ ይመታል፤ ልዩነቱም ከሞላ ጎደል ይጠፋል።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልምጣ። ብዙ የስልክ መተግበሪያዎች የምቱን መለዋወጥ ሞገድ ለሁለት ይከፍላሉ፦ ዝግተኛው ከ0.04 እስከ 0.15 ሄርዝ፣ ፈጣኑ ከ0.15 እስከ 0.4። ዝግተኛውን ለፈጣኑ ያካፍሉና ውጤቱን «የጭንቀት ሚዛን» ይሉታል፤ ዝግተኛው የሲምፓቴቲክ፣ ፈጣኑ የቬገስ ነው በሚል ሒሳብ።

አንድ የማውቀው ወጣት ሯጭ ስልኩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ዝግ ብዬ ስተነፍስ ሰውነቴ ይረጋጋል፤ ይሄ ግን ጭንቀትህ ጨመረ ይለኛል» አለኝ። በደቂቃ 6 ጊዜ ሲተነፍሱ እኮ ሞገዱ 0.1 ሄርዝ ነው! የቬገስ ሥራ እንዳለ ወደ ዝግተኛው ክፍል ገብቷል፤ መተግበሪያው ደግሞ ጭንቀት ብሎ ቆጠረው። በ2001 ጣሊያናዊው ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ በላቲን የሚደገም የመቁጠሪያ ጸሎትም የዮጋ ማንትራም ትንፋሽን ወደዚያው 6 ገደማ ያወርዳል። በዚህ ስሌት ጸሎተኛው ሁሉ ጭንቀታም ሊባል ነው።

ሌላም ማስረጃ አለ። ቬገስን የሚያግደው አትሮፒን ሲሰጥ ዝግተኛው ሞገድም አብሮ ይወድቃል። በከባድ ሩጫ ላይ ደግሞ ሲምፓቴቲኩ እየነደደ ሳለ ዝግተኛው ሞገድ ይቀንሳል። ያ ሞገድ የደም ግፊትን በሚያስተካክለው ሥርዓት በኩል የሁለቱም ነርቮች ድብልቅ ነው። ድብልቅን ለንጹሕ አካፍሎ ሚዛን አይገኝም።

እንግዲህ ምን ይለካ? ተከታታይ ምቶች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያሰላው መለኪያ ይበቃል፤ በዋናነት የቬገስን ሥራ ያሳያል። የደረት ቀበቶ በብርሃን ከሚያነብ የእጅ ሰዓት ይሻላል፤ በተለይ ሲንቀሳቀሱ።

ግን እባካችሁ! አንዱ ዛሬ ተኝቶ፣ ነገ ከቡና በኋላ ቆሞ ይለካና ተበላሸሁ ይላል። ሌላው ቁጥሩን ከልጁ ቁጥር ጋር ያወዳድራል፤ ዕድሜ ሲጨምር ልዩነቱ እንደሚቀንስ ይረሳል። ያለ ቦታው የመጣች አንዲት ምት ብቻ ስሌቱን ታበላሻለች። የላይኛው የልብ ክፍል ሲርገበገብ ደግሞ ቁጥሩ ሰማይ ይነካል፤ ይህ በሽታ እንጂ ብርታት አይደለም፤ ወደ ሐኪም ያስሄዳል።

ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ፣ በተለመደው ትንፋሽ፣ 5 ደቂቃ ይለኩ። የአንድ ቀን ቁጥር አያስደንግጥዎ፤ የሳምንታቱን አካሄድ ከራስዎ ጋር ያስተያዩ። «የጭንቀት ሚዛን» የሚለውን ገጽ ግን አይክፈቱት።