የኡጋንዳ የካንሰር ኢንስቲትዩት፦ ከቆላ የተነሳ ጥያቄ፣ ለዓለም የተረፈ መልስ

በካምፓላ ከተማ ሙላጎ ኮረብታ ላይ የሚገኘው የኡጋንዳ የካንሰር ኢንስቲትዩት ሕክምናንና ምርምርን አጣምሮ የያዘ አንጋፋ ተቋም ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ በ1967 ቢሆንም መነሻው ከዚያ አሥር ዓመት ይቀድማል።

እ.ኤ.አ በ1957 በሙላጎ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት አየርላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ መንጋጋው በግራም በቀኝም ያበጠ ሕፃን እንዲመረምሩ ተጠሩ። ብዙም ሳይቆዩ በጂንጃ ከተማ ተመሳሳይ እብጠት ያለባት ሕፃን አዩ። የሆስፒታል መዝገቦችን አገላብጠውም በቀጣዩ ዓመት ግኝታቸውን አሳተሙ። ሕመሙ ዛሬ የበርኪት ሊምፎማ ይባላል።

እ.ኤ.አ በ1961 ሐኪሙ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ተጉዘው በሽታው የት እንደሚገኝ ከየሆስፒታሉ ጠየቁ። ያገኙት መልስ ለአርሶ አደር እንግዳ አይደለም። የሰብል በሽታ በአየር ጠባይ እንደሚለያይ ሁሉ፣ ይህም ካንሰር ሙቀትና ዝናብ በሚበዛበት ቆላ ይጸናል፤ በደጋው ግን እምብዛም አይታይም። ሥርጭቱም ወባ ከሚበረታበት አካባቢ ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ በ1964 ደግሞ ከኡጋንዳ ወደ ለንደን በተላከ ናሙና ውስጥ ኤፕስታይን ባር የተሰኘው ቫይረስ ተገኘ። ከሰው ካንሰር ጋር የተያያዘ የመጀመሪያው ቫይረስም ይኸው ነው።

ለሕሙማኑ መታከሚያ የሚሆነው ማዕከል በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ትብብር ተከፈተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ዶክተር ጆን ዚግለር ነበሩ። በማዕከሉ መድኃኒቶችን አቀናጅቶ በመስጠት ብዙ ሕፃናት ከሞት ተረፉ። ሠራተኞቹም የታከሙትን ለመከታተል እስከ መንደራቸው ይጓዙ ነበር። እ.ኤ.አ በ1972 በርኪትና ዚግለር የላስከር ሽልማትን ከተጋሩት ሐኪሞች መካከል ሆኑ።

ይሁን እንጂ ኢዲ አሚን ሥልጣን ከያዙ በኋላ አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ሀገሪቱን ለቀቁ። ኡጋንዳዊው ዶክተር ቻርልስ ኦልዌኒ ኃላፊነቱን ተረክበው ሥራው እንዳይቋረጥ አደረጉ። ተቋሙን በክፉ ዘመን ያቆየው የሀገሬው ባለሙያ ነው።

እ.ኤ.አ በ2016 በሀገሪቱ የነበረው ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማሽን ተበላሽቶ አገልግሎት አቆመ። አዲሱ ሥራ የጀመረው በ2018 ነው። በመካከሉ ሕሙማን ሕክምናውን በሀገራቸው አላገኙም። ባለሙያ ብቻ፣ ማሽን ብቻም እንደማይበቃ ይህ ያሳያል።

ለቤተሰብ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። የበርኪት ሊምፎማ በፍጥነት ያድጋል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት ይድናል። ስለዚህ በልጅ መንጋጋ ወይም ሆድ ላይ በፍጥነት የሚያድግ እብጠት ሲታይ፣ የጥርስ ሕመም ነው ብሎ ከመዘናጋት ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መሄድ፣ የተጀመረውንም ሕክምና ሳያቋርጡ መጨረስ ይገባል።