ቧንቧውን የሚያዳምጠው ክር

በባሕር ወለል ላይ የተዘረጋ የጋዝ ወይም የነዳጅ ቧንቧን ሰው የሚያየው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ሞገድ ከሥሩ አሸዋውን ይጠርገዋል፤ ብረቱ ይዝጋል፤ የመርከብ መልሕቅ ይጎትተዋል። ፊንላንድንና ኢስቶኒያን የሚያገናኘው 77 ኪሎ ሜትር የጋዝ ቧንቧ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የተሰበረው በመልሕቅ ነው። እንዲህ ያለውን ቧንቧ ሌት ተቀን ለመጠበቅ ከጎኑ የፋይበር ኦፕቲክ ኬብል ይዘረጋል።

ክሩ 0.125 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እጅግ ንጹሕ ብርጭቆ ነው።

ብዙ ሰው በኬብሉ ላይ በየርቀቱ ትንንሽ መሣሪያዎች የተሰኩ ይመስለዋል። ለተመረጡ ነጥቦች እንደዚያ የሚሠራ ዓይነት አለ፤ ለረጅም ቧንቧ ግን ሴንሰሩ ብርጭቆው ራሱ ነው። ብርጭቆ ቀልጦ ሲረጋ እፍጋቱ ፍጹም እኩል አይሆንም፤ በዚህ የተነሣ እያንዳንዱ ቅንጣት ከሚያልፍበት ብርሃን ጥቂቱን ወደ ኋላ ይመልሳል። የስልክና የኢንተርኔት ባለሙያ ይህን እንደ ብክነት ይቆጥረዋል፤ ለቧንቧ ጠባቂው ግን ዋናው ሀብት እሱ ነው። ከዳር የተላከ የሌዘር ብልጭታ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ብርሃን በብርጭቆ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከ100 ማይክሮ ሰከንድ በኋላ የደረሰው ከ10ኛው ኪሎ ሜትር የመጣ ነው። ሰዓቱ ቦታውን ይናገራል ማለት ነው።

የሚመለሰው ብርሃን ሦስት ዓይነት ነው። ሬይሌይ የሚባለው ቀለሙን ሳይለውጥ ይመለሳል፤ መልሕቅ ሲጎተት ወይም ጋዝ ሲያፏጭ የሚፈጠረውን ንዝረት የሚያሳየው እሱ ነው። ራማን የሙቀት ነገር ብቻ ይናገራል። ብሪሉዌን ድግግሞሹ በ11 ጊጋኸርዝ ገደማ ተዛንፎ ይመጣል፤ ዝንፈቱም በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 1 ሜጋኸርዝ ያህል ይለወጣል። ችግሩ ክሩ ሲወጠርም ዝንፈቱ መለወጡ ነው። ስለዚህ አንዱ ክር ከኬብሉ ጋር ተጣብቆ፣ ሌላው በቱቦ ውስጥ ላላ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ላላ ያለው ሙቀቱን ለብቻ ይለያል። ገንዘብ ለመቆጠብ አንዱን ብቻ የሚዘረጋ መሐንዲስ ቧንቧው ይሙቅ ወይም ይለጠጥ ሳያውቅ ይቀራል፤ ቁጠባው የሚያስቆጭ ነው።

ታምቆ የነበረ ጋዝ ሲያፈተልክ ይቀዘቅዛል፤ ትኩስ ነዳጅ ሲፈስ አካባቢውን ያሞቃል። በአፈር የተሸፈነ ቧንቧ ላይ ይህ ለውጥ ጎልቶ ይታያል። በክፍት ውኃ ግን ሞገዱ ሙቀቱን ጠርጎ ስለሚወስደው ንዝረቱን ማመን ይሻላል። ርቀትም ወሰን አለው፦ 50 ኪሎ ሜትር ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከተላከው አንድ አሥረኛው ነው፤ የሚመለሰውም በመንገዱ ላይ እንደገና ወደ አንድ አሥረኛ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ማጉያ ወይም በሌላው ጫፍ ሁለተኛ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ ባሕር ባይኖራትም ብርጭቆው ግን ወለጋ ገብቷል። በባኮ በኩል ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ፋይበር ሲቆረጥ፣ የቴሌ ባለሙያ በመሣሪያው የተቆረጠበትን ርቀት የሚያነበው ከዚያው ከሬይሌይ ብርሃን ነው። ባለሙያው ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ ሳያስስ የሚቆፈርበትን ቦታ የሚያውቀው በዚህ ነው። ሳይጠይቅ የሚቆፍር የኤክስካቫተር ሾፌር ይህን ቢያውቅ መልካም ነበር፤ አንድ ጊዜ በአካፋው ሲጎትት ከጊምቢ እስከ ደምቢ ዶሎ ያለ ሰው የባንክና የስልክ አገልግሎት ሊቋረጥበት ይችላል።

ለቧንቧ ጥበቃ በወለጋ ምድር የሚስማማው ቦታ ፊንጫ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የፊንጫ ውኃ ከደጋው ወደ ሸለቆው በብረት ቧንቧ ቁልቁል ወርዶ ተርባይን ያዞራል፤ ጣቢያው አሁን 134 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በኋላ የተሠራው የአመርቲ ነሼ ጣቢያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እነዚህ ቧንቧዎች እንደ ባሕሮቹ ስለማይረዝሙ፣ ክር ቢዘረጋላቸው ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ መሣሪያ ከበቂ በላይ ነው።