ሰምና ወርቅ እና «ድቫኒ»

ከላስታ ደጋ የሚጎራበተው ዋድላ፣ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር፣ ከታላላቆቹ የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው። የቅኔን ጅማሬ አንዳንድ ሊቃውንት ለዮሐንስ ገብላዊ፣ ሌሎችም ለተዋናይ ይሰጣሉ። በእነዚህ ጉባኤዎች የሚነገረው የግዕዝ ቅኔ፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ፣ ምሥጢር ሊኖረው ይገባል።

ምሥጢር ከቃል እንዴት ይወጣል የሚለውን ጥያቄ በሩቅ አገር የመረመረ ሊቅ አለ። ይኸውም በ9ኛው መቶ ዓመት፣ በካሽሚር ንጉሥ በአቫንቲቫርማን ዘመን (እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ855 እስከ 883) የነበረው ባለቅኔ አናንዳቫርድሃና ነው። «ድቫንያሎካ» በተባለው መጽሐፉ፣ ቃል ከቀጥተኛ ፍቺውና ከተዛዋሪ ፍቺው ሌላ ሦስተኛ ኃይል እንዳለው አስተማረ። ይህም የማመልከት ኃይል «ድቫኒ» ይባላል። «በጋንጅስ ላይ ያለ መንደር» ሲባል፣ መንደሩ በወንዙ ዳር መሆኑ ተዛዋሪ ፍቺ ነው፤ ቅዝቃዜውና ቅድስናው ግን ሳይነገር ይሰማል።

እንግዲህ ድቫኒና ሰምና ወርቅ አንድ ናቸውን? በችኮላ አንድ ናቸው ማለት ስሕተት ነው። በሰምና ወርቅ፣ ሰሙ ገበሬ፣ ወርቁ መምህር ቢሆን፣ ሁለቱም በስም ተጠርተው ይጣመራሉ፤ ማረስና መዝራት ለሰሙ ይነገራል፣ ማስተማር ለወርቁ ይተረጐማል። ኅብርም «ሳለ» እንደሚለው ቃል፣ ቢላዋ መሳልንና ሥዕል መሳልን በአንድ ድምፅ ይይዛል። አናንዳቫርድሃና ሁለቱም ፍቺዎች በግልጥ የተነገሩበትን እንዲህ ያለ ኅብር ከድቫኒ ለይቶታል።

ለድቫኒ የሚቀርበው ውስጠ ወይራ ነው። የቆሎ ተማሪ በደጋ ምሽት ከደጅ ቆሞ «ዛሬ ብርዱ በረታ» ቢል፣ ነገሩ በራሱ እውነት ነው፤ የማደሪያ ልመናው ግን በቃል አልተጠራም፣ አስተዋይ ብቻ ያገኘዋል።

ሌላው ልዩነት በምሳሌው ላይ ነው። አንጥረኛው ወርቁን ሲያፈስ ሰሙ ቀልጦ ይጠፋል። አናንዳቫርድሃና ግን ቃልን በመብራት ይመስለዋል፤ መብራት ማሰሮውን ሲያሳይ ራሱም ይታያል እንጂ አይጠፋም። ቅኔን የሚመረምር ተማሪ ይህን ቢያስተውል ይጠቀማል፤ ወርቁን አውጥቶ ሰሙን የጣለ ሰው፣ ምሥጢሩን ቢያውቅም ቅኔውን አልያዘምና።