ስለ መሪነት ሥልጠና የመክፈቻ ቀን

ባለሙያዎች ለመሪነት ሥልጠና በሚሰበሰቡበት ጊዜ የመጀመሪያው ቀን ከሌሎቹ ቀኖች ሁሉ የከበደ ነው። ይኸውም ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ መሐንዲሱና የእርሻ ባለሙያው እስከዚያ ዕለት ድረስ ስለ ገዛ ሥራው ብቻ ሲጠየቅ ኖሮ፣ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ግን ስለ ሌላው ሰው ሥራና ስለ ባለጉዳዩ እንባ ጭምር የሚጠየቅ ስለ ሆነ ነው። ዳሩ ግን ይህ ቀን ብዙ ጊዜ በሰላምታ፣ በምስጋናና በረዥም ንግግር ያልቃል። የክብር እንግዳው ተናግረው ይሄዳሉ፤ ሠልጣኙም አጨብጭቦ ይቀመጣል። መሪነት ማለት መናገር ማለት ነው የሚለው አሳብ በሠልጣኙ ልብ የሚቀረጸው በዚሁ ሰዓት ነው።

ሹምን አስተምሮ ለሥራ ማብቃት በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1940ዎቹ ዓመታት በተባበሩት መንግሥታት ርዳታ የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተመሠረተ። ዛሬ ሥልጠናው እስከ ወረዳ ከተማ ድረስ ወርዷል። ስለዚህ ሊታሰብበት የሚገባው የሥልጠናው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ በመጀመሪያው ቀን ለሠልጣኙ ምን ይቀርብለታል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው የሞጣ ከተማ ከገዛ ታሪኳ የምትሰጠው መልስ አላት።

በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አሥራትን አስቀርቶ በምትኩ በእርሻ ገቢ ላይ የሚከፈል ግብር ዐወጀ። ሕጉ በወረቀት ላይ ሲታይ ብዙ ያገኘ ብዙ፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት እንዲከፍል የታሰበ ነበር። ነገር ግን የሞጣና የብቸና ገበሬ ርስቱን በዘር ሐረግ ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰ ነው፤ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹም ስለ መሬት ልኬትና ስለ ግብር ብዙ ጠብ አይቷል። ስለዚህ አዋጁን በሰማ ጊዜ ይህ የልኬት መጀመሪያ ነው፣ ርስታችን ሊሄድ ነው ብሎ ሠጋ። አቤቱታውም በግብሩ ብቻ ሳይሆን በተሾሙበት ሹማምንት አያያዝ ላይ ጭምር ነበር። ሥጋቱ ሳይቃለል ግብሩ ስለ ደረሰ በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት ተቃውሞ ተነሣ፤ ጦር ዘመተ፤ ደምም ፈሰሰ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሥተው ሌላ ተሾመ፤ ውዝፉም ግብር በምሕረት ቀረ። ከደም በኋላ የተሰማው ቃል ከደም በፊት ቢሰማ ኖሮ የስንቱ ቤት በተረፈ ነበር!

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ገበሬው ሕግን የሚያውቀው ከነጋሪት ጋዜጣ አይደለም፤ ሕጉን ይዞለት ከሚመጣው ሰው ፊትና አነጋገር ነው። መልካም ሕግ በማይሰማ ሹም እጅ ሲገባ በሕዝቡ ዘንድ ክፉ ሕግ ይሆናል።

ለመጻሕፍት ሊቃውንት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም በነገሠ ጊዜ ሕዝቡ ቀንበሩን እንዲያቀልለት ለመነው። ሽማግሌዎቹ መልካም ቃል እንዲመልስ መከሩት፤ እርሱ ግን የአብሮ አደጎቹን ምክር ወድዶ በጽኑ ቃል ስለ መለሰ ዐሥሩ ነገድ ከእርሱ ተለዩ። የጎጃም የቅኔ ጉባኤም ይህንኑ ያስተምራል። መምህሩ በወንበሩ ተቀምጦ ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ አስቀድሞ ይሰማል፤ ከሰማ በኋላም ያርማል። ሳይሰማ የሚያርም መምህር የለም።

እንግዲህ የሥልጠናው መክፈቻ ቀን እንዲህ ሊሆን ይገባዋል። ንግግሩ ይጠር። ከዚያም ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ካህኑና በየቢሮው ደጅ የጠና ባለጉዳይ ተጠርተው ይናገሩ፤ ሠልጣኞቹም መልስ ሳይሰጡና ሳያቋርጡ ይስሙ። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከሰማው አንዱን በደል መዝግቦ ይያዝ፤ ወደ ሥራው በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለዚያ በደል ምን እንዳደረገ ይጠየቅ። ለሥልጠናው የወጣው የመንግሥት ገንዘብ ፍሬ ማፍራቱ የሚታወቀው በምስክር ወረቀቱ ሳይሆን በዚህ ነው። ሹም በአደባባይ ቢወቀስ ክብሩ ይቀንሳል የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን በጊዜው ያልተሰማ ወቀሳ በሌላ መንገድ እንደሚመጣ የ1960ው ዘመን አሳይቷል።

ከሞጣ ወደ ቤጌምድር በሚያሻግረው የዓባይ መንገድ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባለው፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ድልድይ አለ። የመካከሉ ቅስት በጣሊያን ወረራ ዘመን ስለ ፈረሰ፣ ሁለቱ ወገን ቆመው ሳሉ መንገደኛው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር፤ የእግረኛ መሻገሪያ የተሠራለት በ1994 ዓ.ም. ነው። በመንግሥትና በሕዝብ መካከል ያለው ባለሙያም እንደዚያ ቅስት ነው። እርሱ ከጎደለ ሁለቱም ወገን ቆመው ይተያያሉ እንጂ አይገናኙም። ለመሪነት የሚሠለጥን ሁሉ ይህን በመጀመሪያው ቀን ቢረዳ፣ የቀሩት ቀኖች ትምህርት መሠረት ያገኛል።